ሻንጣው ይከፈት፦ የአባቴን ቀይ መጻሕፍት ይዤ ለንደን ብገባስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መላሿ 24 ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ የወጡ የባሕር ዳር ነዋሪ ናቸው።

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አባቴ ባለፈው ጥቅምት ዐረፈ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ነበር፤ ሩሲያውያን ካስተማሯቸው ልጆች አንዱ። ከአርባው በኋላ ሣጥኑን ስንከፍት የማርክስ፣ የሌኒንና የማኦ መጻሕፍት አገኘን። አብዛኞቹ ሞስኮ የታተሙ የእንግሊዝኛ ናቸው። ጥቂት የተማሪ ማኅበር በራሪ ወረቀቶችና በእጁ የጻፈበት አንድ ደብተርም አለ። በ1970 በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጓሮ ከቡናው ሥር ቀብሯቸው እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። እስካሁን አፈር አፈር ይሸታሉ።

ታናሽ ወንድሙ ያኔ በመተማ ሱዳን ገብቶ ዛሬ ለንደን ይኖራል። «ሌላ ውርስ አልፈልግም፣ መጻሕፍቱን ብቻ አምጪልኝ» አለኝ። ቪዛ ወጥቶልኝ በሚቀጥለው ወር በቦሌ በኩል እሄዳለሁ። ጓደኞቼ ግን «አብደሻል? በዚህ ጊዜ? ቦሌ ይይዙሻል፤ ቦሌ ቢያልፉሽ ለንደን አሸባሪ ይሉሻል» እያሉ አስፈራሩኝ። አንዷማ ሽፋናቸውን ገንጥዪና በፋሽን መጽሔት ጠቅልያቸው ብላኛለች። ምን ይሻለኛል? ለአጎቴ ሌላ የምወስድለት ማር፣ በርበሬ፣ ትንሽ ቅቤና አያቴ ይደግሙበት የነበረው ዳዊት ብቻ ነው።

የአባቷ ልጅ፣ ከሽምብጥ

መልስ

አባትሽን ነፍስ ይማርልሽ ልጄ። አንቺንም እግዜር ያጥናሽ።

ከዚያች ጓደኛሽ ልጀምር። ሽፋን አትገንጥዪ፤ በፋሽን መጽሔትም አትጠቅልዪ። የተጠቀለለ መጽሐፍ ሻንጣ ውስጥ ሳገኝ፣ ውስጡን ገና ሳላይ «ለምን ጠቀለለው?» ነበር የምለው። ከዚያ በኋላ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ቢሆን እንኳ ቶሎ አይለቀቅም። ደግሞስ ቡና ሥር ከርሞ በሕይወት የወጣን መጽሐፍ አንቺ በገዛ እጅሽ ልትገፍፊው ነው?

ማሽኑን እንየው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኤክስሬዩ ማንበብ አይችልም። ሌኒንን ከመዝሙረ ዳዊት አይለይም። ስክሪኑ ላይ ብረት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ወረቀት፣ ሳሙና፣ እንጀራ፣ ልብስ፣ ይሄ ሁሉ ብርቱካንማ ነው። ፈንጂም ብርቱካንማ ነው፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ መጽሐፍ ማንም አይቆጥረውም። ሰባት ስምንት ጥራዝ ሲነባበር ግን ጠቆር ያለ ጡብ መስሎ ቁጭ ይላል፤ ከጀርባው ያለውንም ይጋርዳል። አጠገቡ የቻርጀር ሽቦ ከተጋደመማ እኔ ብሆን ሻንጣ የሚያሳልፈውን ቀበቶ አቆመዋለሁ። የሒሳብ መማሪያ ቢሆንም አቆመዋለሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2017 በጥቂት አውሮፕላን ማረፊያዎች መንገደኛው መጽሐፉን ከእጅ ሻንጣው እያወጣ በትሪ እንዲያሳልፍ ሞክረው ነበር። ሰዉ «የማነበውን ሊሰልሉ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ሙከራውም በዚያው ዓመት ቆመ። መነሻው ግን ይኸው የወረቀት ጡብ ነበር።

እና ሻንጣሽ ቢከፈት «አወቁብኝ» ብለሽ ክው እንዳትዪ። መጻሕፍቱን አትከምሪያቸው፤ ጎን ለጎን ዘርግተሽ በአንድ ረድፍ ደርድሪያቸው። ሽቦም በርበሬም አታስጠጊባቸው። ወፋፍራሞቹን በሚጫነው ሻንጣ አድርጊ። የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ የማርክስ ጥራዞች ሚዛን ላይ ሲወጡ ቀልድ አያውቁም። በራሪ ወረቀቶቹንና ደብተሩን ግን ከእጅሽ አትለዪ፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ እነሱን ደግሞ የሚተካቸው የለም።

ከማሽኑ ቀጥሎ ሰው አለ። እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር።

የ1997 ምርጫ ማግስት ነው። የት እንደነበር ልተወው፤ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የኔ ነውና። አንድ ጎልማሳ መምህር ቦርሳው ውስጥ ሽፋኑ ቀይ፣ የተጨበጠ ጡጫ ያለበት መጽሐፍ አገኘሁ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ያነበብኩት ጡጫውን ብቻ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ታሪክ ነው እትዬ» አለኝ። «የምን ታሪክ?» አልኩ፤ አለቃዬን ጠራሁ። አለቃዬ ሌላ አለቃ ጠራ። ሁላችንም እናገላብጠዋለን፤ «ይለፍ» ብሎ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን ጠፋ። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ ማሳለፍ ያስጠይቃል፣ ማቆም አያስጠይቅም። እኛ ስንቀባበለው አውሮፕላኑ ተነሳ። መጨረሻ ላይ አንዱ ገለጥ ቢያደርገው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለበት፤ ሰውዬው ተውሶት ነው። ስመልስለት አልተቆጣኝም። «ምልክቴን አወጣሽብኝ፤ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ» አለኝና ሄደ። ምልክቱ የአውቶቡስ ቲኬት ቁራጭ ነበር። መዳፌ ውስጥ ቀርቶ ማታ ቤቴ ስደርስ ከኪሴ አወጣሁት።

ይህን ያወራሁሽ ከፊትሽ የሚቆመው ሰው ምን እንደሚፈራ እንድታውቂ ነው። መጽሐፍሽን ብዙም አይፈራውም፤ ነገ «ለምን አሳለፍሽ?» መባልን ነው የሚፈራው። ለአለቃው የሚመልሰውን ቃል አንቺ ስጪው። «የሟች አባቴ መጻሕፍት ናቸው፤ ለወንድሙ እየወሰድኩለት ነው» በቂ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ኮፒ ከላይ አድርጊበት። ስለ መደብ ትግል ማብራሪያ አትጨምሪ! «የማንበብ መብቴ ነው» የሚለውንም በኋላ ለሚመጣ አቆዪው። መብትሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ወረፋ መሀል ከተነሳ ሁለተኛውን አለቃ ያስጠራል።

በነገራችን ላይ መጽሐፍና አውሮፕላን በኛ ከተማ የቆየ ታሪክ አላቸው። ነሐሴ 6 ቀን 1961 ሰባት ተማሪዎች ከባሕር ዳር የተነሳ ዲሲ 3 አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም አሳረፉት፤ በኋላ የኢሕአፓ መሪ የሆነው ብርሃነ መስቀል ረዳ ከመካከላቸው ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1965 ደግሞ ሌሎች ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሳ ቦይንግ ሊጠልፉ ሞከሩ፤ የተማሪው ንቅናቄ ሰዎች ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ የሞቱት በዚያ ሙከራ ነው። ሥራ ስጀምር ያገኘኋቸው አንጋፋ ፈታሾች ይህን ሲያወሩ «አንብበው አንብበው ነው የጠለፉት» ይሉ ነበር። የጠለፉት ግን በመሣሪያ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ያጸደቀው አባሪ 17 የሚባለው የጥበቃ ደንብም ከዚያ የጠለፋ ዘመን የመጣ ነው። ዓላማው አውሮፕላኑን ከጠለፋና ከፈንጂ መጠበቅ ነው። ፈታሽን የመጽሐፍ ሐያሲ አያደርገውም።

ጡጫ አይቶ የደነገጠ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2001፣ የመስከረሙ ጥቃት በደረሰ በወሩ፣ ፊላደልፊያ ላይ አንድ ወጣት ሽፋኑ የዲናማይት ሥዕል ያለበት ልብ ወለድ ይዞ ስለተገኘ እንዳይሳፈር ተከለከለ። እዚያው ፊላደልፊያ በ2009 አንድ የኮሌጅ ተማሪ የዐረብኛ ቃላት የሚያጠናባቸው ካርዶችና የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ የሚነቅፍ መጽሐፍ ተገኙበት። ከካርዶቹ መካከል «ቦምብ» እና «አሸባሪ» የሚሉም ነበሩ፤ ጋዜጣ ለማንበብ የሚማር ሰው ሌላ ምን ያጥና? በድምሩ አምስት ሰዓት ያህል ተይዞ ቆየ፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነውን እጁ በካቴና ታስሮ ነበር። ከሰሰ፤ በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፌዴራል መርማሪዎቹንና ፈታሾቹን በግል አትጠየቁም ብሎ አሰናበታቸው። አንቺ በምትሄጂበት አገር ደግሞ በ2016 አንዲት ሙሽራ ከጫጉላ ሽርሽር ስትመለስ ዶንካስተር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፖሊስ አስቆማት። ስትሄድ ስለ ሶርያ ኪነ ጥበብ የተጻፈ መጽሐፍ ስታነብ ያየቻት የበረራ ሠራተኛ ናት የጠቆመቻት። ሙሽራዋ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናት፤ ከሥራዋ አንዱ ወጣቶች ወደ ጽንፈኝነት እንዳይገቡ መከላከል ነው!

ልብ በዪ፤ ሦስቱንም ያስቆማቸው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም። ሰዉ ያየው ደግሞ ሥዕልና ፊደል ነው። የአንቺ መጻሕፍት ላይ ያለው ጺማም ሽማግሌ፣ ማርክስ ነው። ለንደን ያንን ሽማግሌ በደንብ ታውቀዋለች፤ መቃብሩ ሃይጌት እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። አጎትሽ ይወስድሻል፣ ግድ የለም።

ሕጉን በአጭሩ። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ በማናቸውም ዓይነት ጽሑፍ መረጃ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትንም ያውቃል። አንቀጽ 26 ዕቃሽ በሕግ ካልሆነ በቀር እንዳይበረበር ይጠብቅሻል፤ የበረራ ጥበቃ ፍተሻ ግን ሕጋዊ ነውና እዚያ አትከራከሪ። እንበልና ቢይዙሽ፣ አንቀጽ 19 ምክንያቱን በሚገባሽ ቋንቋ ወዲያው እንዲነግሩሽ፣ ላለመናገር መብት እንዲኖርሽና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርቡሽ ያዛል። ጓደኞችሽ «በዚህ ጊዜ» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በነሐሴ 2015 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽን ይፈቅድ ነበር። ጊዜው በ2016 ቢያበቃም ድንጋጤው ከሰው ጋር ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ፤ የአባትሽን ዘመን ወረቀት ከዘንድሮ ወረቀት ጋር አታደባልቂ። የዘንድሮ በራሪ ወረቀት፣ የቡድን አርማ፣ የታጣቂ ፎቶ በዚያ ሻንጣ ውስጥ አንድም እንዳይኖር። «ይህንንም ለአጎትሽ አድርሺልኝ» የሚል ጎረቤት አይጠፋምና ፖስታ አትቀበዪ። የአንድ መጽሐፍ አንድ ቅጂ የሚያነብ ሰው ንብረት ነው፤ ሃያ ቅጂ ግን የሚያሰራጭ ሰው ያስመስልሻል።

ለንደን ላይ የሚመለከትሽ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሽብር ሕግ ሰባተኛ አባሪ ነው። ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ መንገደኛ አስቁሞ እስከ 6 ሰዓት መጠየቅ ይችላል። ያለመመለስ መብት የለሽም፤ እምቢ ማለቱ ራሱ ወንጀል ነው። ከአንድ ሰዓት ካለፈ ግን በመደበኛነት ሊይዙሽ ይገባል፤ ያኔ ጠበቃ ማማከር ትችያለሽ። የአጎትሽን አድራሻና ስልክ በወረቀት ያዢ፤ ስልክሽን ሊወስዱት ይችላሉ።

ደብተሩን አንብበሽዋል? ሳታነቢው እንዳትሄጂ። የዚያ ዘመን ደብተር ስም አያጣም፤ ማን ከማን ጋር እንደተሰበሰበ፣ ማን የት እንደተደበቀ። ከሰዎቹ መካከል ዛሬ እዚሁ ከተማ የልጅ ልጅ የሚያጫውቱ ይኖራሉ። በቀይ ሽብር ዘመን የኢሕአፓ ልሳን የነበረው የ«ዴሞክራሲያ» አንድ ቅጠል ሰው አስገድሏል፤ ያኔ ስሙ ያልተነሳበት ሰው በአንቺ ሻንጣ ምክንያት ዛሬ እንዲነሳ አትፈልጊም። ስም ካለው ደብተሩ እዚህ ይቆይ፤ አጎትሽ መጥቶ ያንብበው።

ማሩን በሚጫነው ሻንጣ አድርጊ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ላይ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተሞላ ማር ፈንጂ ነው ተብሎ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ነበር። ቅቤውን ግን ለእናትሽ መልሺላት። እንግሊዝ ከኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋፅኦ አታስገባም፤ ለሌኒን የማይከፈት ሻንጣ ለቅቤ ይከፈታል።

አሁን ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ ከቅቤው ቀጥሎ ሸጎጥ አድርገሽ ያለፍሻትን ነገር ላንሳ። አያትሽ ይደግሙበት የነበረው ዳዊት ብራና ነው ወይስ የታተመ? የታተመ ከሆነ በሰላም ያዢው። የእጅ ጽሑፍ፣ ብራና፣ ማኅደር ያለው ከሆነ ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ መካከል ቦሌ ላይ በእውነት የሚያሲዝሽ እሱ ነው። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። «የአያቴ ነው» ማለት አያድንም። ጣና ዳር ተወልደን ይህን ማንም ሊነግረን አይገባም ነበር፤ ክብራን ገብርኤልም ሆነ ዳጋ እስጢፋኖስ ብራናቸውን ስንት ዘመን እንደጠበቁ እናውቃለን። ለንደንም ብትሆን የኛ ብራና አላነሳትም፤ በ1860 ከመቅደላ የተጋዘው እዚያው ተቀምጧል። ሌላ አንጨምርላት። ዳዊቱን የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወስደሽ አሳዪ፤ ይመዝግቡልሽ። ለአጎትሽ ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንሺለት።

ጥያቄ

እትዬ፣ ፔዳ ግቢ የምማር ነኝ። ለአጭር ሥልጠና አውሮፓ ልሄድ ነው። የፖለቲካ መጻሕፍት የማነበው በስልኬ ስለሆነ ማንም አያየኝም አይደል?

መልስ

ያይሃል እንጂ። በወረቀት ሲሆን ሁለት መጽሐፍ፣ በስልክ ሲሆን ሁለት ሺህ ይዘህ ነው የምትቆመው። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የፈረንሣይ አሳታሚ ሠራተኛ ወደ ለንደን የመጻሕፍት ትርዒት ሲሄድ በባቡር ጣቢያ ተይዞ፣ የስልኩንና የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል አልሰጥም በማለቱ ታስሯል። አንተን ግን የሚያሳስበኝ መጽሐፉ አይደለም፤ አንድም ቀን ያልከፈትከው ቴሌግራም ነው። ከየግሩፑ ራሱ እያወረደ የሚያጠራቅመውን ቪዲዮ አይተኸዋል? አውቶማቲክ ማውረዱን ዝጋና ጋለሪህን አጽዳ። የፈንጂ አሠራር መመሪያ የመሰለ ነገርማ ለጥናት ነው ብለህም እንዳታስቀምጥ፤ እንግሊዝ ውስጥ በቂ ምክንያት የሌለውን እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ሐሳብ ያለበትን መጽሐፍ አንብብ፣ እሱ ሌላ ነው።

ጥያቄ

እመቤት፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ልጄ አሜሪካ ልታስገባኝ ፎርም እየሞላች ነው። «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለው። እኔ የደርግ ዘመኑ ፓርቲ የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) አባል ነበርኩ። «የለም» ብላ ልትሞላው ነው፤ ምን ይሉኛል?

መልስ

ጋሼ፣ ልጅዎን እጇን ይያዙልኝ። ጥያቄው በኢሚግራንት ቪዛ ፎርም ላይ በእርግጥ አለ። ነገር ግን ሕጋቸው ከፓርቲው ከወጡ 2 ዓመት ላለፋቸው ሰዎች በር ይከፍታል፤ ፓርቲው አምባገነን መንግሥት ሲገዛ የነበረ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ይላል። ሥጋት አለመሆንዎንም ያያሉ። በር የሚዘጋው ውሸቱ ነው፤ አውቆ የዋሸ ሰው ለዘለዓለም ሊከለከል ይችላል። «አዎ» ብላ ትሙላና ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ ለምን እንደገቡ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር በአጭሩ ትጻፍ። ሥራ ላለማጣት ገብተው ከሆነም ይጻፉት፣ እሱም ይቆጠራል። አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያየው ጥሩ ነው። የወጡበትን ቀን የሚመሰክር ሰው ግን አይፈልጉ፤ ግንቦት 1983 ፓርቲው ራሱ ነው ከእርስዎ የወጣው።